ያልሰረዝኩት የበቀለ ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1970
ጨው ሸጥኩ። ሳሙና ሸጥኩ። ዱሮ ጠመንጃ ይሸጥ የነበረ ሰው ዛሬ ሳሙና ሲቆርጥ ሚስቴ ሱራያ ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

ከሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ሰብስቤ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። "ጓድ ነጅሙዲን፣ የድሮውን የጠመንጃ መዝገብ አምጣ።" መሣሪያውን ያላስረከበውን ሰው ከሱ ሊለቅሙ ነው። ሰጠኋቸው... ምን ላድርግ?

አያያዙን ያስተማረኝ አባባ ነው። በጣልያን ጊዜ ለአንድ አርመን ጠመንጃ ነጋዴ መዝገብ ይጽፍ ነበር። ለአንድ ጠመንጃ አንድ መስመር። ቁጥሩ፣ የገዢው ስም፣ የአውራ ጣቱ አሻራ። ጠመንጃው ከተመለሰ በቀይ ቀለም መሰረዝ ነው። አንዴ ሳይሰርዝ ቀርቶ ጣልያኖቹ ገበያ መሀል አርባ ገርፈውታል። ጀርባውን እያሳየ ነው ያስተማረኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6
በቀለን አመጡት። የወናጎውን ገበሬ፣ ቡና ይዞ ዲላ በመጣ ቁጥር እኔ ሱቅ የሚያርፈውን። እጁ የፊጥኝ ታስሯል። በደጄ ሲያሳልፉት አየኝ።

"ጋሼ ነጅሙ፣ ንገርልኝ እንጂ... ምንሽሩን መልሼልህ የለም?"

አንዱ በሰደፍ አፉን መታው። ጥርሱ ደረጃዬ ላይ ወደቀ።

መልሷል። በ66፣ እናቱ የታመመች ጊዜ። እኔም በዚያው ሳምንት ለባላባቱ ለግዛቸው ያለ ፈቃድ ሸጥኩት። ስሙን ብሰርዝ "ጠመንጃው የት ገባ?" ይሉኛል ብዬ እንዳለ ተውኩት። ግዛቸው መሬቱ ሲወረስ ምንሽሩን ይዞ ኬንያ ገብቷል። ብናገር የሚጎዳ የለም፣ ከእኔ በቀር።

ጥርሱን አነሳሁት። መጣሉን እጄ እምቢ አለኝ። ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7
ልነግራቸው ወጣሁ። ቀበሌው አጥር ጋ ስደርስ ጩኸቱን ሰማሁ። ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግሩን ይገርፉታል። "ቁጥሩ ይኸው! አሻራህ ይኸው! የት ቀበርከው?" የሱ ድምፅ አይመስልም... ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ። ወላሂ፣ ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8
ሚስቱ አሰገደች መጣች። የያዘችለትን ምሳ አላስገቡላትም።

"ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ። አንድ ቃል እኮ ነው።"

"ነገ" አልኳት። ለምን ነገ? ዛሬ ምን ሆነ? ሱራያ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ማታ ፍራሿን ወደ ጓዳ ወሰደች።

ዓርብ፣ ኅዳር 9
ከጁምዓ በፊት እሄዳለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ መቅረት የለም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 16
ትናንት ተፈታሁ። የምጽፈው በግራ እጄ ነው።

የዚያን ዕለት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰብስቤ መዝገቡን ገልጦ ስሙን አሳየኝ።

"ታዲያ ለምን አልሰረዝከውም?"

"ፈርቼ።"

"ማክሰኞ ስናመጣውስ?"

"ፈርቼ።"

"ጧት ረሸንነው" አለኝ። ጧት... እኔ ጫማዬን ስወለውል። ከዚያ ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስዘርግተው በሰደፍ አደቀቁት። ስንት ጊዜ እንደመቱኝ አላውቅም። ከአራተኛው በኋላ ራሴን ስቻለሁ።

ትናንት ሊለቀኝ ሲል ሰብስቤ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠኝ። "በል አስተካክለው።" በግራዬ አሰመርኩ። ተንሻፈፈ። አሻራው ከሥሩ አሁንም ይታያል።

ዛሬ ጧት ክብሪት ቀፎውን ይዤ ወናጎ ወረድኩ። አሰገደችን የባሏን አስከሬን ከልክለዋታል፤ ከሱ የቀረው ይኸው ጥርስ ነው። የማን እንደሆነ ነገርኳት። ተቀብላኝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የተጠቀለለ እጄን አየች። አላዘነችልኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

"ነገ ብለኸኝ ነበር" አለችና በሩን ዘጋችው።