ቀንዳሙ ጊታር

ኮስትሮማ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2011

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለታያ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ደህና ነን» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን ብዕር ያነሳሁት አንገሽግሾኝ ስለሆነ ደህንነታችንን ወደ ኋላ እናመጣዋለን። የምጽፍልሽም ከቤት አይደለም። ፖስታ ቤት ቁጭ ብዬ፣ በገመድ በታሰረ እስክሪፕቶ ነው፤ እሱም ከእኔ በፊት በነበረው ሰው ላብ ሙልጭልጭ ብሏል። ኮምፒውተሩ ላይ ብጽፍ እናትሽ በትከሻዬ አሻግራ ታነበዋለች። ስልክ ብደውልልሽ ደግሞ ፊቴ ቆማ ከንፈሬን ታነባለች።

ለምን ከንፈሬን እንደምታነብ ልንገርሽ። ባለፈው ደብዳቤሽ «እማማን ምን በድያት ነው? በደወልኩ ቁጥር መስመሩ ይንጫጫል ትልና ስልኩን ላንተ ሰጥታ ትሸሻለች። ሊዝበን በመቅረቴ ነው የተቀየመችኝ?» ብለሽ ነበር። አልተቀየመችሽም። መስመሩም አይንጫጫም። እናትሽ አትሰማም፣ ታያ። ሲቀንስ ሲቀንስ ቆየና ከፋሲካ ወዲህ ጭራሽ ተዘጋ። ሐኪሙ ነርቩ ደህና ነው አለ፤ ጆሮ ውስጥ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ደድረው መንገዱን ስለዘጉት ነው አለ። ቀዶ ጥገናውን ወይ ፍንክች አለች። ጆሮዋ ላይ የሚሰካው መሣሪያ ሲያፏጭባት አውጥታ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው፤ እስካሁን ከኮት ቁልፎች ጋር አብሮ ይኖራል። ለማንም እንዳልናገር፣ በተለይ ለአንቺ፣ አስማለችኛለች። መሐላው ግን ስለ መናገር እንጂ ስለ መጻፍ ያነሳው ነገር የለም።

እናትሽ የተልባ ጨርቅ ፋብሪካው መዘምራን ጆሮ እንደነበረች አንቺም ታውቂያለሽ። ድምፅ መቃኛ ሹካ ብረቷን፣ ካመርቶኗን፣ ጉልበቷ ላይ መታ ታደርግና እግሩን በጥርሷ ትነክሰዋለች፤ ከዚያ ሠላሳ ሴት እሷ በሰጠችው ድምፅ ይነሳል። «በጆሮ ይሰማል፣ በጥርስ ይረጋገጣል» ነበር የምትለው። እኔንም ዕድሜዬን ሙሉ በባለ ሰባት ክሯ ጊታሬ አላስቀምጥ ብላኝ ኖራለች። ገና ሁለት ዜማ ሳልመታ ከወጥ ቤት «ቬኒያ፣ አምስተኛው ክር ወርዷል!» ትላለች። ቆሽቴ ያር ነበር። አሁን አምስተኛው ክር እንዳሻው ቢወርድ የሚነግረኝ የለም። መዝፈንም ትታለች፤ የራሷን ድምፅ የማትሰማ ሰው ምኗን ትዘፍናለች? እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዴ እንኳን ሰምታኝ እንድትቆጣኝ።

አሮጌዋ ጊታሬ ደግሞ አምና በማሞቂያው ድርቀት ሆዷ ተሰንጥቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። እናም በሽማግሌ አእምሮዬ አሰብኩ። ለማይሰማ ሰው የሚያስፈልገው ጩኸት ነው፣ ጩኸት ደግሞ ያለው ኤሌክትሪኩ ዘንድ ነው አልኩ። በእኔ ቤት ኤሌክትሪክ ጊታር! ድሮ ጎረቤት ሲያስጓራው መስኮት የምዘጋው ሰውዬ።

ኢንተርኔት ላይ «ባለ ሰባት ክር፣ ኤሌክትሪክ፣ ርካሽ» የሚል አገኘሁ። ባለ ሰባት ክር ሲባል እኛ አገር ሌላ ምን ይባላል? የአያቶቻችን ጊታር ነዋ፤ ክሮቹን አንገቱ ላይ ሳትጫኚ ብትመቻቸው ሙሉ ኅብረ ድምፅ የሚሰጥ፣ የዘፈን ጊታር። ወጣቶቹ በመጨረሻ ልብ ገዝተው ወደ አባቶቻቸው ቅኝት ተመለሱ ብዬ ደስ አለኝ። ሱቁ ድረስ ሄጄ ሻጩን ጠየቅኩት፤ ማስቲካ የሚያመነዥክ ጎረምሳ ነው።

«እውነት ባለ ሰባት ክር ነው?»

«መቁጠር ከቻልክ ቁጠራቸው፣ አባባ።»

ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው። ከፍዬ ወጣሁ።

ካርቶኑን ስከፍት የወጣውን ሽታ ልነግርሽ አልችልም። የተቃጠለ ላስቲክና የጥፍር ቀለም አንድ ላይ የተቀቀለ ይመስላል። ጊታሩ ጥቁር ነው፤ ያውም የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሳይሆን የእጅ አሻራ ሁሉ እንደ ቅባት የሚታይበት፣ የሚቀፍ ጥቁር። ሆድ የለውም፣ ቀዳዳ የለውም፤ በሆዱ ፈንታ ሁለት ቀንድ አብቅሏል። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ጫፋቸው ስላልተሞረደ ዳርና ዳሩን እንደ መጋዝ ያደርጉታል፤ እጄን ወደ ታች ሳንሸራትት መዳፌ ተጫረ። ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ፕላስቲክ ደግሞ የአሻንጉሊት ጥርስ ነገር ናት። ዓይኔን ጨፍኜ ካልሆነ በቀር አልነካውም ነበር።

ወደ እኛ ቅኝት ላመጣው ጀመርኩ። ወፍራሙ ሰባተኛ ክር ከሚገባው በታች ወርዷል። ሱቅ ውስጥ ላልቶ ይሆናል ብዬ አጠበቅኩ። አሁንም ቀረው፤ አጠበቅኩ። መወጠሪያው ሲንቋቋ ሰምቻለሁ፣ ግን ሰው ግትር ነው። ክሩ ተበጥሶ ጉንጬን ገረፈኝ፤ መወጠሪያውም ጥርሱ ረገፈ። እናትሽ ድምፁን አልሰማችም። ፊቴ ላይ ደም ስታይ ግን ፎጣ ይዛ መጣችና ያንን ነገር ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ቀንድ ያለው ነገር ቤቴ ታስገባለህ?» አለችኝ። ምን እንዳሰብኩ አልነገርኳትም። ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ለሷ ከጆሮዋ መዘጋት ይብሳል።

ሰው ሮዲዮን ወደሚባል ልጅ መራኝ። ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ጋራዥ ውስጥ ጊታር የሚጠግን ነው፤ ፀጉሩ ወገቡ ላይ ደርሷል፣ በየጣቱ የራስ ቅል ቀለበት አጥልቋል። ጋራዡ የአሮጌ ቢራ፣ የእርጥብ ካልሲና የቀለጠ እርሳስ ሽታ አለው። ጊታሩን አየና ሳቀ፣ ከዚያ ጉንጬን አየና ይባስ ሳቀ። ሲጨርስ ነገሩን አስረዳኝ። የእነሱ ሰባተኛ ክር የተጨመረው ወደ ታች ወርዶ እንዲያጓራ ነው፤ ቅኝታቸውም ሌላ፣ የክሮቹ ውፍረትም ለዚያው የተመጠነ ነው። በእኛ ቅኝት ወፍራሞቹ ከፍ ማለት ስላለባቸው እነዚያን ገመዶች ስወጥር ከመበጠስ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

«አባባ፣ ባለ ሰባት ክር ሁሉ ዘመድህ አይደለም» አለኝ።

ከዚያ የራሱን አንስቶ አሳየኝ። አሳማ ሲታረድ፣ አራጁም ስቅታ ይዞት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ያለው ሰው ይህን ጋራዥ አይቶ መሆን አለበት። ጆሮዬን ይዤ በር ላይ ወጣሁ። ልጁ ግን ባለጌ አይደለም። ለምን እንደፈለግኩት ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ሙዚቃውን አጠፋና ሞረድ አነሳ።

እንግዲህ የርካሽ ጊታር ጣጣ ከዚህ ይጀምራል፤ ርካሽ ሲገዛ ነው እንጂ ሲያድር ርካሽ አይደለም። የብረቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ ሞረድን፤ ብናኙ አፍንጫዬ ገብቶ ንፍጤ ሰንብቶ ጥቁር ሆነ። መወጠሪያዎቹን ነቅለን ከወደቀ ጊታር የተረፉ ጠንካራ አደረግን። ክሮቹን በነጠላ እየመረጥን ለቅኝታችን የሚስማሙ ቀጫጭን ገጠምን። ከክሮቹ ሥር ያሉት ማግኔቶች እንደ አሮጌ ማቀዝቀዣ ስለሚያጉረመርሙ በሌላ ቀየርናቸው። ለዚያች ፕላስቲክ ምትክ ሮዲዮን አጥንት አምጣ አለኝ፤ የደረቀ፣ የበሬ ቅልጥም።

ቅልጥም የት እንዳለ ታውቂያለሽ። እናትሽ ቀዝቅዞ ለሚረጋው የስጋ ጄሊዋ የቀቀለችውን ከድስቱ ሰርቄ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ኪሴ ከተትኩት። ኮቴ እስከ ዛሬ የነጭ ሽንኩርትና የሞራ ሽታ አለው፤ አውቶቡስ ላይ ሰው ከአጠገቤ ይነሳል። እሷ ግን ከላይ ፎቅ ያለችውን የካፒቶሊናን ድመት ጠርጥራ አሁንም ድረስ ታኮርፈዋለች።

ባለፈው እሑድ ተጠናቀቀ። እናትሽ ወጥ ቤት ቀይ ሥር እየቀመሰች ትፈቀፍቃለች። ከሮዲዮን የተዋስኩትን የድምፅ ማጉያ ሰካሁ፣ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ ክሮቹን መታሁ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ካፒቶሊና ከላይ የማሞቂያውን ቧንቧ በማንኪያ ትደበድብ ጀመር። እናትሽ መጣች፤ ሰምታ እንዳይመስልሽ፣ የሻይ ብርጭቆዋ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አይታ ነው። ጆሮዋ ምንም አልደረሰውም። አጎንብሳ ሶኬቱን ነቀለችና «ሰው ትበጠብጣለህ» አለችኝ።

ታያ፣ በዚያች ሰዓት ጊታሩን ብቻ ሳይሆን ራሴንም ተጸየፍኩ። ጡረታዬ፣ ጉንጬ፣ ኮቴ፣ ሁሉም ለብርጭቆ ማንቀጥቀጫ። እልህ ይዞኝ እንደተነቀለ መታሁት። ያለ ኤሌክትሪክ የዚያ ነገር ድምፅ የዝንብ ያህል ነው፤ እኔ ራሴ በግድ ነው የምሰማው። እናትሽ አልሄደችም። ጣቶቼን ታያለች፤ የእኛ ቅኝት እንደሆነ ከጣቶቼ አውቃለች። ከዚያ ያቺን የቅልጥም ቁራጭ አየቻት፣ እኔንም አየችኝ። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ በርጩማ ጎተተች፣ ጎንበስ አለችና የጊታሩን የላይኛውን ቀንድ ልክ እንደ ካመርቶኗ በጥርሷ ነከሰችው።

መታሁ። ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና መታሁ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ አቆምኩ። ቀና አለች፤ ከንፈሯ በቀይ ሥር ቀልቷል።

«ቬኒያ» አለችኝ፣ «አምስተኛው ክር ወርዷል።»

ድምፁ የተዘጋውን ጆሮ ትቶ በጥርሷ አጥንት በኩል ገብቶላታል። መወጠሪያውን ፈልጌ እስካገኝ ጠበቀችኝ።

«ደግሞ ምን ዓይነት የሚያስጠላ ድምፅ ነው» አለች።

እንደዚያ የሚጣፍጥ ቃል ከተጋባን ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ክሩን አቃናሁ። በሰርግሽ ቀን የዘፈነችውን ጀመርኩ፤ እሷም ቀንዱን ሳትለቅ በጥርሷ መካከል አንጎራጎረች። ምራቋ ቀይ ሥር ተቀላቅሎበት በዚያ ጥቁር ቀለም ላይ ይወርዳል። ሰው ቢያየን ይቀፈው ነበር፤ እኔንም ቀፎኛል። አንድ ዜማ ግን አልሳተችም።

ትናንት ለመጨረሻው ማስተካከያ ወደ ሮዲዮን ወሰድኩት። ቀንዱን ወደ መብራቱ አዙሮ በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ አባባ? ውሻ አላችሁ እንዴ?»

ማሻሻያ ነው አልኩት።

እንግዲህ አሁን ደህና ነን ልልሽ እችላለሁ። ስልክ ስትደውዪ አትጩኺባት፣ አትዘኚም። ይህን ደብዳቤም አልጻፍኩልሽም፤ ቢጠይቁሽ መስመሩ ይንጫጫል በያቸው። ያሳደገሽ አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ ባልሽ ዘፈን ባይችልም ዕድሜ ይስጠው፣ መንገዱንም ሁሉ ያቅናልሽ።

የሚወድሽ አባትሽ
ቬኒያሚን ሉኪች

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት፦ ጊታሩ ሁለት ቀንድ አለው ብዬሻለሁ። እናትሽ የያዘችው የላይኛውን ነው። የታችኛው ገና አልተነከሰም፤ አንቺን ይጠብቃል።