ሰማይ ሲያጉረመርም ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ

ከማሉቲ ተራራ ሥር ለሚገኘው የበግ ጠጉር ማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ ለክቡር ንታቴ ሞጻማይ፤

የእርስዎም፣ የቤተሰብዎም፣ በቅርቡ የተዳረችው የልጅዎም ጤና እንደ ከብቶችዎ የሰባ ይሁን። እኔ የመጋዘኑ ዘበኛ ሴኬቴ ራንፃኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፈረሴን ራሴ እጭናለሁ፤ በጎቼን ራሴ እሸልታለሁ፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የበቆሎ ገንፎዬንም ራሴ አገነፋለሁ፤ ሲያርብኝም ራሴው እበላዋለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ፊደሉ ቢንጋደድ እንደ ጉልበቴ አርጅቶ ነው ብለው ይለፉኝ። በመጋዘኑ በር ላይ የምለጥፈው፣ ሥራ ስለሚበዛብዎ ያነበበ ሰው እንዲነግርዎ ብዬ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይጠፋብኝ በቁጥር አደርገዋለሁ።

፩ኛ፦ ኮምፒውተሩ ከሚዛኑ ጋር መነጋገር ባቆመ ጊዜ፣ ጠጉራችንን የምትመዘግበው ፑሌንግ ከመጠገኗ በፊት ጥቁሩን መስኮት ከፍታ፣ ትዕዛዝ እየጻፈች፣ የማሽኑን ቅንብር በሙሉ ፍላሽ ላይ ገለበጠችና መሳቢያ ውስጥ አኖረችው። «ንታቴ ሴኬቴ፣ እኔም እሳሳት ይሆናል፤ ብሳሳት የምንመለስበት ይኑረን» አለችኝ፤ ንታቴ ስትለኝ እንደ አባቷ ነው። ክቡርነትዎ ያንን ፍላሽ ሳይጠይቁ ወስደው፣ በውስጡ ያለውን አጥፍተው፣ የልጅዎን የሠርግ ቪዲዮ ስለሞሉበት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እርስዎ የሚጨፍሩበት ክፍል ረጅም ነው ይባላል።

፪ኛ፦ በስብሰባው ላይ ተነሥተው «ኮምፒውተር የሚነዳው በማውስ ነው! ይቺ ልጅ ጥቁር ነገር ከፍታ ስትጽፍበት ገደለችው፤ ጠንቋይ ቤት መሰላት እንዴ?» ብለው ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። እናቷን የምታበላበትን ሥራ ነጥቀው ስላባረሯትም፣ ይኸው ዛሬ የሰው ማሳ ስታርም እያየን ትሕትና እንማራለን።

፫ኛ፦ ጥፋተኛ ሳይፈልጉ ጥፋተኛ ስላገኙልን። ቢፈልጉ ኖሮ የሚያገኙት እኔን ነበር።

ኮምፒውተሩ በሞተበት በዚያ ሐሙስ ፑሌንግ ጥገናውን ጀምራ፣ ነጩ ጽሑፍ በጥቁሩ ላይ እየወጣ ሳለ፣ ውጭ ወረፋ የያዙት ሰዎች ተጯጯኹ። «ንታቴ፣ እስኪጨርስ ማንም እንዳይነካው፣ አደራ!» ብላኝ ልታረጋጋቸው ወጣች። ያኔ ሰማዩ አጉረመረመ። በዚህ አገር ሲያጉረመርም፣ መብረቅ እንዳይስብ፣ የሚያብረቀርቅ ሁሉ እንደሚሸፈን እርስዎም ያውቃሉ፤ የሳሎንዎ ትልቁ መስታወት ሲሸፈን አይቻለሁ። በእኔ ቤት የምትሸፍነው ሚስቴ ነበረች፤ እኔ ስስቅባት ኖርኩ። ከሄደች ወዲህ ግን ሳላስበው እጄ ይሄዳል። ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ብርድ ልብሴን ከትከሻዬ አውርጄ ስክሪኑን አለበስኩት። ነጎድጓዱ ሲያልፍ መልሼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ አልተነሣም።

ፑሌንግ ገብታ «መብራት ሄዶ ነበር እንዴ፣ ንታቴ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አልኳት።

«ግድ የለም፣ ቅጂው አለን» ብላ መሳቢያውን ከፈተች። መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳላገኘች ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

በስብሰባው ላይ ሲሰድቧት ዓይኗ አንዴ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ብርድ ልብስ አያሞቀኝም።

ስለዚህ ልጅቷን ወደ ወንበሯ እንዲመልሱልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። የግድ የሚባረር ሰው ካስፈለገዎ ሩቅ አይሂዱ፤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ።

ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤ በፈቀደልኝ መጠን ጎንበስ ብዬ፣
አጨብጭብ ሲባል የሚያጨበጭበው፣ ተናገር ሲባል ዝም የሚለው ታማኝ ዘበኛዎ፣
ሴኬቴ ራንፃኔ

ማስታወሻ፦ ሠርጉን ሲያዩ፣ በእያንዳንዱ ጭፈራ ሥር የማኅበሩ ሚዛን ተቀብሮ እንዳለ አይርሱ፤ ያ የእርስዎ ዕዳ ነው፣ አልነካብዎትም። የራሴን ግን ማንም ሳይደግፈኝ እከፍላለሁ፦ ለማኅበሩ፣ ባጨበጨብኩበት ቦታ ቆሜ «እኔ ነኝ» ማለት፤ ለፑሌንግ እናት፣ ከመንጋዬ የወፈረችውን በግ ራሴ ነድቼ መሄድ፤ ለሚስቴ፣ በሳቅኩባት ልክ መቃብሯ ላይ ይቅርታ፤ ለፑሌንግ ደግሞ «መብራት አልሄደም ነበር፣ ልጄ» የምትል አንዲት መልስ።