ተራ ጉንፋን ነው ያሉት

ውድ ጨውዬ፣

ነርሷ እንድታነብልሽ ይህን የምጽፈው ከመስታወቱ ማዶ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነው። አሁንም ስለሚያስለኝ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አያስገቡኝም። ደግ አደረጉ።

ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ያን እሑድ ቤትሽ ስመጣ፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ፣ "አፍንጫህ ቀልቷል፤ አሞሃል እንዴ?" አልሽኝ።

"የአውቶቡሱ አቧራ ነው። ስነዳ ነው የዋልኩት" አልኩሽ።

ዋሸሁሽ። ከሐሙስ ጀምሮ ንፍጤን ስጠርግ ነበር የሰነበትኩት። በማተሚያ ቤቱ ዋና አራሚ መሆንሽን ሰምቼ ሳላቅፍሽ መዋል አቃተኝ። እጮኛሽ "ቢያንስ ማስክ አድርግ" ሲለኝ፣ "ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው!" ብዬ አሳቅኩሽ። እየሳቅሽ አቀፍሽኝ።

ማክሰኞ ድምፅሽ ተዘጋ። ረቡዕ ደረጃው አቃተሽ። ዓርብ ከንፈርሽ አመድ መስሎ በአምቡላንስ ገባሽ። እማዬ በሕፃንነትሽ ስትስምሽ "ይቺ ልጅ ጨው ጨው ትላለች" ካለችበት ቀን ጀምሮ ይህን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚሉትን፣ ላብሽን ጨው የሚያደርገውን አብሮሽ የተወለደ በሽታ አብረን ነው የኖርነው። አክታው ሳንባሽን እንዳይዘጋው ስንት ዓመት ጀርባሽን መታሁ! እኔ ነኝ እንግዲህ "አቧራ ነው" ያልኩሽ።

ሐኪሟ የምርመራ ውጤቱን ይዛ መጣች።

"የጉንፋን ቫይረስ ነው" አለች።

"የምን ጉንፋን?" አለች እማዬ።

"ተራው ጉንፋን። እኛን በሳምንት የሚለቀን። እሷ ላይ ግን አክታው ውስጥ የነበረውን ባክቴሪያም ቀሰቀሰው። ጉንፋን የያዘው ሰው አጠገቧ ነበር?"

ተራ! እማዬ ወደ እጮኛሽ ዞረች።

"አንተ ነህ! ከዚያ ከምታስተምርበት ክፍል ይዘህባት መጥተህ ነው!"

እሱ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ሳያጋልጠኝ ወጣ። ሦስት ቀን እማዬ ደጅ አላስደርስ አለችው፤ እኔም አፌን ለጎምኩ። ቫይረሱ ካስደነገጠኝ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፦ ይህን ያህል ዝም ማለት እችላለሁ ለካ።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም።

"የሰው ልጅ ስረግም ሦስት ቀን ተቀምጠህ ሰማኸኝ?" አለች። ስልኬን ተቀብላ ደወለችለት። "ልጄ፣ በድዬሃለሁ፤ ና።"

መጣ። ወደ አንቺ ለመግባት ጋውን ሲለብስ ድንገት ሳልኩ። ዞር ብሎ፣ "ትኩስ ነገር ጠጣ እንጂ፤ ጉሮሮህ ተጎድቷል" አለኝ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሟ "ከመተንፈሻ ማሽኑ ቀስ በቀስ እያላቀቅናት ነው፣ ትድናለች" ብላናለች። ሳንባሽ ግን እንደ በፊቱ ላይሆን ይችላል። ማን እንዳመጣብሽ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ስሚው ብዬ ነው የጻፍኩት።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አላጣድፍሽም። መልስም አትላኪ፤ ትንፋሽሽን ለራስሽ አቆዪው።

ያስታመመሽም ያሳመመሽም
ወንድምሽ