ለእንግዳ የታጠበችው መኪና

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለአለኝታዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚቀሰቀስብህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ስትነሳ ወንበር ያስይዝሃል? ባለቤትህ እንደምን ናት? ደረጃ መውጣት እምቢ ያላት ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹስ? ትልቁ የወተት ጥርሱን ጨረሰ? ትንሿስ አሁንም የግራውን ጫማ በቀኝ ነው የምታደርገው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ዓይኗ ትንሽ ከመድከሙ በቀር ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ ልበል፤ ደብዳቤ በደህንነት ካልተጀመረ ደብዳቤ አይባልም ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህና።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩንማ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደወልኩት። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ ሴትዮ በማላውቀው ቋንቋ ትናገርና ይዘጋል። ከመልመዴ ብዛት እንደምን ዋልሽ ልላት ምንም አልቀረኝም። ወረቀት ይሻላል አልኩ። ስታነበው ቢያስጠላህ እንኳ መሃሉ ላይ ልትዘጋብኝ አትችልም፤ ብትቀደውም አንብበህ ነው የምትቀደው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ያን ቀን በስልክ እያለቀስኩ ስለነገርኩህ ግማሹን ሳትሰማው አትቀርም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጥቼ፣ ሰባቱንም በየደጃቸው አውርጄ፣ መኪናችንን፣ ዳክዬን፣ እንደ ወትሮው አጥሩ ሥር አቆምኳት። ዳክዬ የሚለውን ስም ያወጡላት አንተ ከሄድክ በኋላ ልጆቹ ናቸው፤ ቢጫ ስለሆነችና ጉድጓድ ስትሻገር ወዲያና ወዲህ ስለምትል። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ ነፋሱማ የሚባል አይደለም። ጎረቤታችን ጡረተኛው ግቢ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጽድ ታስታውሰዋለህ? ከነሥሩ ነቅሎ ዳክዬ ላይ ጋደም አደረገው። ጣሪያዋ እስከ ወንበሩ ራስ ጎበጠ፣ የፊት መስታወቷ ደቀቀ፣ ኮፈኗ ተጣመመ፣ አንደኛው ስፖኪዮዋ ቦይ ውስጥ ተገኘ። ሞተሩን ግን አልነካውም። በተሰበረው መስኮት እጄን ሰድጄ አስነሳኋት፤ ተነሳች! ዝናቡ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጡረተኛው ዛፉ ሳይነሳ በስልኩ ፎቶ አነሳት። እማዬ እጇን በራሷ ጭና የፎቶው ጥግ ላይ ቆማለች።

ከኢንሹራንሱ ቢሮ የጉዳት ገማች ነገ ይመጣል አሉን። እናትህን ታውቃት የለ? እንግዳ ሊመጣ እንዲህ ተዝረክርከን አንታይም ብላ በማለዳ ቀሰቀሰችኝ። ጡረተኛውም ዛፉ የእኔ ነው ብሎ በሐፍረት ሲፈልጥ አደረና ለመንደሩ አከፋፈለው። እማዬ ስብርባሪውን ጠረገች፣ መኪናዋን በሳሙና አጠበቻት፣ የጎደለው መስታወት ላይ ያንን ለሠርግ ለልቅሶ ብቻ የሚወጣውን ዳንቴሏን ዘረጋችበት። እኔስ? እኔም ቂል፣ ባልዲ አቀባይ ነበርኩ። ገማቹ መጣ፤ እማዬ ወንበር አወጣችለት፣ ውሃ ቀዳችለት። ሰውዬው መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞራትና የወደቀው ዛፍ የታለ አለ። ተፈልጧል አልነው። የተሰበረው መስታወትስ ሲል እማዬ በኩራት፣ ተጠርጓል ልጄ፣ እግርህን አይቆርጥህም አለችው። ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ማስረጃ አልተገኘም ብሎ ጻፈ። ወይ ጉድ! በጽዳታችን ተቀጣን።

ቢሮው ስሄድ መነፅር ያደረገችው ጸሐፊ፣ እንግዲያው ንብረቱ በስሙ ያለ ሰው በጽሑፍ ያስረዳ አለችኝ። በስሙ ያለው ደግሞ አንተ ነህ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤት በታላቅ ይቆማል ብሎ ሊብሬውን ወዳንተ እንዳዞረው ታውቃለህ። ልትሄድ ስትል ስሙን ላዙርልሽ ብለኸኝ ነበር፤ ይህን አልክድህም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በእኔና በአንተ መሃል ወረቀት ምን ይሠራል ብዬ ተቆጣሁህ። አንተም ግንባሬን ስመህ፣ ስሜ ወረቀቱ ላይ ይቀመጥ እንጂ መኪናዋ ያንቺ ናት አልክ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል የሚሉት ለካ ለእኔ ነው።

ገማቹ ፊት ትዝ ያላለኝን የጡረተኛውን ፎቶ ላክሁልህ፣ ወረቀቱንም ላክሁልህ፣ ዛፍ ወድቆባት ነው፣ ትጠገን ብለህ ጻፍልን አልኩህ። ብዕሩን ያስያዝኩህ ራሴ ነኝ። አንተም ለእኔ ተይው፣ አንቺ ከቢሮ ቢሮ አትንከራተቺ አልክ። እፎይ አልኩ። ለልጆቹ ወላጆች፣ ለመካኒኩ፣ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሳይቀር ወንድሜ ይዞታል ስል ሰነበትኩ። እንዴት ደረቴን ነፍቼ እንደነበር ብታይ!

ጥገናውን የኢንሹራንሱን መልስ ሳንጠብቅ ነው የጀመርነው። የአባዬ ወዳጅ ባትላሜራው፣ ያ በመዶሻ ድምፅ አንድ ጆሮው የደነቆረው፣ የልጅሽ ወረቀት እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብሎ እማዬን አሳፈራት። ጣሪያውን ከውስጥ በክሪክ እየገፋ፣ ከላይ እየቀጠቀጠ አምስት ሳምንት ፈጀበት። እኔ በየቀኑ ጋራዡ ሄጄ ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት እፍቀው ነበር። የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ ስልኬ አሻራዬን አላውቅም አለኝ። ልጆቹን ለጊዜው ሌላ ሾፌር ያዘልኝ፤ ወላጆቻቸውም እንጠብቅሻለን ብለው ነበር። አንተም እሑድ እሑድ እየደወልክ፣ እነሱ ናቸው የሚያዘገዩት፣ እየተከራከርኩላችሁ ነው፣ ታገሡ ትለን ነበር። እማዬ ስልኩን ዘግታ በተነሳች ቁጥር ትመርቅሃለች። መስታወትና ቀለም ብቻ ሲቀራት ዳክዬን ወደ ቤት አመጣናት። እማዬም ዳንቴሏን መልሳ አለበሰቻት።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ጎታች መኪና ደጃችን ቆመ። ሾፌሩ ወረቀት አሳየኝ። መኪናዋ ከጥቅም ውጪ ተብላ ካሳዋ ለባለንብረቱ ስለተከፈለ የኢንሹራንስ ኩባንያው ናት ይላል። ተሳስተሃል አልኩት። ታርጋውን እያነበበ አመሳከረልኝ። ቁልፉን ሰጥቼ፣ ጫማ እንኳ ሳልቀይር በነጠላ ጫማ ቢሮው ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፋይሉን አወጣች። ፊርማህን አይቼ ክው አልኩ፤ ያንን መጨረሻው ላይ የሚጠመዘዘውን ፊርማህን በአባዬ ደብተር ላይ ስትለማመደው አጠገብህ ነበርኩና አልስተውም። ቀኑን ስቆጥር ባትላሜራው ሥራ ከጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ይኸውልህ፣ ከዚያ በኋላ አራት እሑድ ደውለህ ታገሡ ብለኸናል። እኔም ጣቴ እስኪላጥ የሰው መኪና ስፍቅ ከርሜያለሁ።

ይሄ ሁሉ ባልከፋኝ፣ ወንድም ጋሼ። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ በተሽከርካሪው የሚገለገል ወይም የሚተዳደር ሰው አለ ወይ ይላል። አንተ በእጅህ ጽሑፍ፣ የለም፣ ቆማ ነው የምትውለው ብለሃል። ጸሐፊዋ ደጋግማ አየችኝና፣ ታዲያ አንቺ ማን ነሽ አለችኝ። ምን ልበላት? እኅቱ ነኝ ማለት አፈርኩ። ጎረቤቱ ነኝ ብዬ ወጣሁ። አብሮ የተያያዘው ፎቶም ጡረተኛው ያነሳው ነው፤ እማዬ የቆመችበት ጥግ ግን ተቆርጧል። ሰባት ልጅ የሚሳፈርባትን፣ ለእማዬ መድኃኒት የምትገዛውን፣ እኔን ከሰው ፊት ያቆመችኝን መኪና ቆማ ነው የምትውለው አልክ? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል በሰው እስቅ ነበር።

ቸግሮህ ነበር? ከቢሮው ከተመለስኩ ወዲህ ሌሊት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነው። ቸግሮኛል፣ መኪናዋን ልሽጣት ብትለኝ፣ በአባዬ አፅም፣ ቁልፉን ራሴ ወስጄ አስረክብልህ ነበር። አልቅሼ፣ ሁለት ቀን አኩርፌህ፣ አስረክብልህ ነበር። ልብሴን ከላዬ ላይ ብትወስድ አልናገርህም። አንጀቴን ያሳረረው መውሰድህ አይደለም፤ እኔ የለሁም ብለህ መጻፍህ ነው። አሁን ልጆቹ ሌላ መኪና ለመዱ። ባትላሜራው ጥፋቱ የእሱ ይመስል መንገድ ላይ ሲያየኝ አቀርቅሮ ያልፋል። እኔ ከዳቦ ቤቷ ሴትዮ ጋር ማለዳ ሊጥ አቦካለሁ። ሥራ አይናቅም፤ ለዚያ አታስብ።

አንድ የምነግርህ ነገር ይቀራል። እማዬ አታውቅም። ያን ሰኞ ጎታቹ ሲመጣ፣ ልጄ ነው የላከው፣ ደህና ጋራዥ ሊያስገባልኝ ነው ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሾፌሩን እጁን ይዛ መረቀችው፣ በቀስታ ንዳት፣ ወገቧን ታማለች አለችው። ሰውዬው እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ዳንቴሏንም ብርድ እንዳይነካት ብላ አላነሳችውም፤ አብሮ ሄደ። ከቢሮ ስመለስ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም። አልነግራትምም። ያጠፋኸው አንተ ነህ፣ ንገራት። ከአፍህ ትስማው። ስልክ የማይደውለው ሥራ በዝቶበት ነው እያለች ለጎረቤት ጥብቅና ቆማልሃለች፤ እኔም ሳላርማት አደምጣታለሁ። ከእንግዲህ ግን ለአንተ ስል አልዋሽም፤ ከጠየቀችኝ፣ እሱን ጠይቂው ነው የምላት።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ትያዘው። ለትልቁ ልጅህ የነቀለውን ጥርስ ቁጥር ጽፎ እንዲልክልኝ ንገረው። ትንሿን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ ጫማዋን እንዳሻት ታድርግ፣ አትቆጧት። ጡረተኛው ሰላም ብሎሃል፤ በዛፉ እስካሁን ይቅርታ ይጠይቃል። ካጠፉት ሰዎች ይቅርታ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው።

እማዬ አጠገቤ ናት። ደብዳቤ እንደምጽፍልህ አይታ፣ የእኔን መጨረሻው ላይ አስገቢልኝ ብላ ወንበሯን አስጠግታለች። እንዳለችው እጽፋለሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም፦

የኔ ልጅ፣ እንደምን ነህ? ዳክዬን ስላሳከምክልኝ እድሜ ይስጥህ፣ ልጆችህ ይካሱህ። ለመሆኑ መቼ ትመጣለች? እኔ ማቆሚያዋን በየማለዳው እጠርጋለሁ፤ ሰው እንዳያቆምበት ድንጋይ አስቀምጫለሁ። እኅትህ ከስታለች፣ መኪናዋ ስትመጣ ሥጋዋ ይመለስላታል። ቶሎ በላቸው።

ከእማዬ ቤት፣ በረንዳው ላይ
ዳክዬ ከሄደች በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ