የቡሊት መንጋጋ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እህቴ ቶይባ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? የጅዳው ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ያ የሚይዝሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ በሰላም ያሰግዱሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም። በስልክ ብልሽ እያቋረጥሽ አታስጨርሺኝም፤ ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ነሲባ ወደዚያ ስትመለስ በእጇ ይድረስሽ ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ የቡሊት ነው። አንቺው የገዛሽልን አህያ ከክረምት ጀምሮ ከስታ ከስታ አጥንቷ ተቆጠረ። ገለባውን ታላምጥ ታላምጥና እንደ ጥጥ ጠቅልላ ትተፋዋለች። ባሌ ጁነይድ ሐራ ገበያ ቢወስዳት ደላላው ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ፣ አርጅታለች አለው። ያኔ ነው ላንቺ የደወለው። አንቺም አርጅታ ከሆነ ልቀቋት አልሽ። እዚህ ልቀቋት ማለት ለጅብ ስጧት ማለት እንደሆነ ረሳሽው እንዴ?

አባባ ኡበይደላ ደግሞ ላንቃዋ ነው ያበጠው፣ ደሙ ይፍሰስላት ብለው ምላጭ ይዘው መጡ። ታውቂያቸው የለ፣ የመንደሩን አህያ ሁሉ ላንቃ የሚበጡት እሳቸው ናቸው። እኔም በረቱ በር ላይ ቆምኩና፣ አባባ፣ አንቱን አከብራለሁ፣ ምላጭዎን ግን አላስገባም አልኳቸው። ስቀው፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉኝ። እኔ ባሏ ነኝ እንዴ? እኔማ አስጥላታለሁ ብዬ መለስኩ። ሽማግሌ ከለከልሽ ብሎ የተቆጣኝ ጁነይድ እንኳ ቁጣው ሳይበርድ ሳቅ አመለጠው።

በማግስቱ እየጎተትኩ መርሳ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ አደረስኳት። ቤተልሔም የምትባል ልጅ እግር ሐኪም ናት፤ አፏን በብረት ከፍታ፣ በባትሪ እያበራች እኔንም አሳየችኝ። የፊት ጥርሷ ገና የጎልማሳ ነው፣ ጉዱ ያለው ከኋላ ነው አለች። ላም የላይ ፊት ጥርስ እንደሌላት እናውቃለን እንጂ የአህያን መንጋጋ መቼ አይተን! ለካ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ እርስ በርሱ ተፋጭቶ እኩል ካላለቀ ጠርዙ ይሾላል። የቡሊት የላይኛው መንጋጋ እንደ ማጭድ ስሎ ጉንጯን ከውስጥ ቆርጦታል። ቶይባ፣ ሳየው እንባዬ መጣ። ያንን በአፏ ይዛ ነው ሽንኩርታችንን ስትሸከም የከረመችው! ሐኪሟ ማደንዘዣ ወግታ በረጅም ሞረድ ሞረደችላት። ላንቃዋንም ማንም እንዳይነካው ብላ አደራ አለችኝ።

አሁን ፉርሽካ በውኃ እያራስኩ አበላታለሁ። መትፋቱን ትታለች፤ ሥጋ ግን ገና አልያዘችም። ጁነይድ ታዲያ የማሽላው አጨዳ ደረሰ፣ ሌላ አህያ ይምጣ፣ የገዛቻት ራሷ ልቀቋት ብላለች እያለ ያንቺን ቃል ይመዝብኛል። በይ ደውይለትና በአንደበትሽ የተናገርሽውን በአንደበትሽ አንሺልኝ። ባታነሺውም እንዳትቀየሚኝ፣ አልለቃትም። ማሽላውን በጀርባዬ እሸከማለሁ እንጂ ቡሊት ከበረቴ አትወጣም። ዓመት ሲዞር ደግሞ መልሼ አስሞርዳታለሁ።

ጁነይድ ሰላም ብሎሻል፤ ተኳርፈናል ብለሽ እንዳታስቢ። ልጄ አማን እጅሽን ስሟል፤ የላክሽለት ጫማ ልክክ ብሎለታል። አባባ ኡበይደላም ዱዓቸው ይድረስሽ። ትናንት መጥተው ቡሊት ስታላምጥ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ ያቺ ሐኪም ልጅ በቅሎም ታያለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምላጩ ግን አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ እኔም አሁንም በሩ ላይ ነኝ።

እህትሽ ሀስና
ሐብሩ፣ ከመርሳ በታች
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.