በፎቶው ዳር የታየው ሹራብ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? እናታችንስ እንዴት ናት፣ መድኃኒቷን ሳታኮርፍ ትውጣለች? ባለቤትሽስ፣ መንትዮቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ጭንቅላቴ ግን ከትናንት ጀምሮ ዞሮብኛል፤ ላንቺ ካልነገርኩ የሚቀለኝ አልመሰለኝም።

ሥራዬ የውሃ መስመር ንድፍ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የተቀጠርኩት በኮምፒውተር መንደፍ እችላለሁ ብዬ ነው፤ እውነቱን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ግማሹን አላውቀውም ነበር። ያዳነኝ ኢንተርኔት ላይ ያለ የነዳፊዎች ግሩፕ ነው። ሁሉም በቅጽል ስም ይገባል፣ የቸገረው ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ይመልሳል። ለእኔ ሁልጊዜ የሚመልስልኝ «እርሳስ» የሚባል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለቸው አስተማረኝ። እኔም ሽበታም ጡረተኛ አድርጌ ስዬው «ጋሼ እርሳስ» እያልኩ በአንቱታ ነበር የምጽፍለት።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ፣ ከወረቀት መደርደሪያው ወዲያ አንዲት ነዳፊ ትቀመጣለች። ገና የገባሁ ሰሞን ደህና አደርሽ ብላት ዝም አለችኝ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ እንደነበር ኋላ አይቻለሁ፤ እኔ ግን አንዴ ተቀይሜ ነበር። «ኩሩዋ» ብዬ ስም አወጣሁላትና ዘጋኋት። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አንባባልም።

ሰኞ ዕለት አለቃችን፣ ሠራተኛ ሊቀንስ ነውና፣ ስለ ባልደረቦቻችሁ ሙሉ ብሎ በኮምፒውተር መጠይቅ ላከልን። ስለ እሷ «ከሰው አትግባባም፤ የምታውቀውን ለማንም አታካፍልም» ብዬ ጻፍኩ። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ደስ እያለኝ መጻፌ ነው።

ትናንት የፓምፕ ንድፍ እምቢ ብሎኝ ጋሼ እርሳስን ጠየቅሁ። በጽሑፍ ቢያስረዳኝ አልገባኝም፤ በመጨረሻ የራሱን ኮምፒውተር በስልክ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በፎቶው ዳር፣ በመደርደሪያ ክፍተት፣ የወንበር ጀርባ ይታያል፣ ወንበሩ ላይ ሹራብ ተሰቅሏል፣ የሹራቡ አንድ እጅ ከሌላው ይረዝማል። እትዬ፣ አንቺ የሠራሽልኝ ሹራብ ነው። ዞር ብዬ የተቀመጥኩበትን ወንበር አየሁ፤ ያው ሹራብ ጀርባው ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ቀና ብዬ ከመደርደሪያው ወዲያ እሷን አየኋት።

አሁን ግራ ገብቶኛል። ማን እንደሆንኩ ታውቅ ይሆን? ካወቀች የዘጋትን ሰው ለምን ታስተምራለች? ጋሼ ስላትስ እንዴት ዝም አለችኝ? መጠይቁን ላርም ብል አንዴ ከተላከ አይመለስም፤ አለቃው የሚወስነው ዓርብ ነው። ሄጄ ዋሽቻለሁ እንዳልለው፣ የማውቀውን ነው የጻፍኩት፤ የማውቀው ግን ምንም አልነበረም። ዝም ካልኩ በእኔ ቃል ትባረራለች። ከተናገርኩ ደግሞ ሥራውን ሳላውቅ መቀጠሬ አብሮ ይወጣል።

ዛሬ ጠዋት ሲጨንቀኝ የለመድኩትን አደረግሁ። ለእርሳስ «አጠገቤ ያለችን ሰው ሳላውቃት በደልኳት፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» ብዬ ጻፍኩ። ከመደርደሪያው ወዲያ ኪቦርዱ ተንኳኳ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንኳኳ። መልሱም መጣ፦ «ያበላሸኸው ቦታ ሄደህ አስተካክል። መጀመሪያ ግን ሰላም በላት።»

መልስሽ እስኪደርሰኝ ዓርብ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አለቃው ዘንድ ዛሬውኑ እገባለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አሁንም አላውቅም።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ናፍቆኛል በይልኝ፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ቆንጠጥ አድርጊልኝ፤ ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንንም እንዳትረሻት። ይኸው ባሕር አሻግሬ ለሁሉም ሰላምታ ላክሁ። የቀረችኝ ሁለት እርምጃ ላይ ያለችው ናት። ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሰማኋት። ልነሳ ነው።

ወንድምሽ
ከቢሮ፣ ከመደርደሪያው ወዲህ
ረቡዕ፣ ጥር ፲፬ ቀን፣ ከምሳ በፊት