ዊልመር አርዙ ያላጠፋው ጥፋት

ካሙይ፣ ፖርቶ ሪኮ

ለተከበሩ የተሳፋሪዎች እርካታ ዳይሬክተር፤

በላኩልኝ ደብዳቤ ግርጌ ያለውን ፊርማ ለማንበብ የራሴንም የጎረቤቴንም መነጽር ሞክሬ ስላልሆነልኝ፣ ስምዎን ትቼ በማዕረግዎ ብቻ ብጠራዎት እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ባልደረቦችስ ደኅና ናቸው? ሆድዎ የቀረበለትን ሁሉ በሰላም እንዲቀበል፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ሳምንት አልፎኛል፤ ምክንያቱም የእርስዎ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤዎ ሁለት ገጽ ሙሉ ይቅርታ ነው። እኔና ባለቤቴ ኔሬይዳ የተጋባንበትን ሠላሳ ስምንተኛ ዓመት ለማክበር ከሳን ሁዋን ተነስተን በመርከባችሁ ሰባት ቀን ስንጓዝ፣ ስንዴ አንጀቷን የሚያቆስልባት ይህቺ ሴት ስንዴ በልታ በመታመሟ የተሰማችሁን ጥልቅ ሐዘን ገልጸውልናል። ቀጥለውም ጉዳዩን በጥልቀት መርምራችሁ ጥፋተኛውን እንዳገኛችሁት አብስረውናል። ጥፋተኛው የመመገቢያ አዳራሹ ዋና አስተናጋጅ ዊልመር አርዙ ነው፤ የባለቤቴን የልዩ ምግብ ቅጽ አጥፍቷል፣ ከዚያም ያልተፈቀደ ምግብ አብልቷታል። ስለዚህ ከሹመቱ ወርዶ ሳህን ለቃሚ ሆኗል፤ የሥራ ውሉም በሚመጣው ወር ሲያልቅ አይታደስም። እኛ ደግሞ ሌላ ጉዞ በነጻ ተፈቅዶልናል። ስለዚህ ሁሉ ቸርነት እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ምርመራችሁ ጥልቅ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሙ ከርማችኋል። የጠፋ ቅጽ የለም። ቅጹ በትክክል ደርሷችኋል፤ ፋይላችሁ ውስጥ ተቀምጧል። «ከምግብ ጋር የተያያዘ በሽታ ያለበት ተሳፋሪ አለ?» ለሚለው ጥያቄ «የለም» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ምልክቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ለምን ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ባይኖርም። እኔ በካሙይ አርባ ዓመት ዳቦ ጋግሬአለሁ። በዚህ ከተማ ኤላዲዮ ሲባል የትኛው የሚል የለም፤ ዳቦው ኤላዲዮ ነው። በየማለዳው ከምድጃ የወጣውን የመጀመሪያውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቅቤ ቀብቼ፣ ለኔሬይዳ ወስጄ ሳላበላት የዋልኩበት ቀን አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ሆዷን ያማት ነበር፤ ትከሳ ነበር፤ ደሟም ያንስ ነበር። ሐኪሞቹ «ነርቭ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ «ባዶ ሆድሽን ሆነሽ ነው፤ ትንሽ ዳቦ ጨምሪበት» እላት ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት ወጣት ሐኪም በሽታው ሴሊያክ እንደሚባል፣ መድኃኒቱም አንድ እንደሆነ ነገረችን፤ ስንዴ ፈጽሞ አለመቅመስ። በማግስቱ ዳቦ ቤቱን ለወንድሜ ልጅ አስረከብኩ። ዱቄቱ ግን ከጥፍሬ ሥር የወጣ አልመሰለኝም፤ ዛሬም እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤ ነው ጽዋ የማቀብላት።

ቅጹን ተቀብላ የምታስተላልፈው የከተማችን የጉዞ ወኪል ዶኛ ፕሮቪደንሲያ ናት። ሠላሳ ዓመት ደንበኛዬ የነበረች፣ ጠዋት የሰማችውን እስከ ቀትር አደባባይ የምታደርስ ደግ ሴት ናት። የዳቦው ኤላዲዮ ሚስቱን በዳቦ ሲያሳምማት ኖረ የሚል ወረቀት በገዛ እጄ ጽፌ ጠረጴዛዋ ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ። «መርከቡ ላይ ሩዙም ሥጋውም ሞልቷል፤ መርጣ ትበላለች» ብዬ ራሴን አታልዬ «የለም» አልኩና አስረከብኩ። ኔሬይዳ «ሞላኸው?» ስትለኝ «ሞልቻለሁ» አልኳት። በቃል አልዋሸሁም፣ ሞልቼው ነበርና፤ ይህ ነው እስከ አሁን የሚያቃጥለኝ።

ሁለተኛ፤ የመጀመሪያው ቀን እራት። ይህን በሚመለከት የማቀርበው ቅሬታ ዋና አስተናጋጃችሁ ከመጠን በላይ ጨዋ ስለመሆኑ ነው። ዊልመር ከሆንዱራስ፣ ከትሩሂዮ የመጣ ረጅም ሰው ነው። የልዩ ምግብ ተመጋቢዎችን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከትሎ የኔሬይዳን ስም ሲያጣው፣ ባለቤቴ አዳራሹ እስኪሰማ ድረስ «ቅጹ ከተላከ ሦስት ወር አለፈው እኮ! ምን አደረጋችሁት፣ በላችሁት?» አለችው። «ላኩ የሚሉትን ወረቀት አሳዩኝ» ማለት ይችል ነበር፤ መብቱ ነው። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጥፋቱ የእኛ ነው ዶኛ ኔሬይዳ። ይቀመጡልኝ እስቲ። ዛሬ ወጥ ቤት ገብቼ መጥበሻው ሲታጠብ በዓይኔ ነው የማየው» አላት።

እኔስ ምን አደረግኩ? ዝም ብል እንኳ ባልከፋ። ሹካዬን እያገላበጥኩ «እነዚህ ሰዎች አንድ ወረቀት መያዝ ካቃታቸው መርከቡን እንዴት ነው የሚነዱት?» አልኩ። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። ዊልመርም ለጨዋነት አብሯቸው ሳቀ። ሰው እያወቀ ሌላውን ሲያሰድብ ምን እንደሚሰማው ለማያውቅ ሰው እነግራለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ምንም አይሰማም፤ የሚመጣው ኋላ ነው።

ሦስተኛ፤ የላይኛው ፎቅ ቡፌ። እዚህ ላይ እውነተኛ ቅሬታ ስላለኝ ትንሽ ልደሰትበት ይፍቀዱልኝ። «ግሉተን የለውም»፣ ማለትም ስንዴ አልነካውም፣ የሚለውን ቆንጆ ሰሌዳ ከቂጣው ክምር ኋላ ማስቀመጣችሁ፣ ለማየት የሚሻ በሽተኛ በስንዴ ላይ እንዲንጠራራ ለማድረግ ከሆነ ተሳክቶላችኋል። የዳቦ ማንሻው በአንድ ቁርስ ከዳቦ ወደ ሐብሐብ፣ ከሐብሐብ ወደ አይብ ሲጓዝ አይቻለሁ፤ ከእኛ ይበልጥ አገር ያየው እሱ ነው። ድንቹ የሚጠበሰው ዱቄት የለበሰው ዓሣ በሚጠበስበት ዘይት ነው። ያለ ስንዴ የተጋገረ ተብሎ የቀረበልንን ዳቦ ደግሞ እንደ ባለሙያ መርምሬዋለሁ፤ ለበሩ መደገፊያ እንዲሆን መልሼ አደራ ብዬአለሁ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ኔሬይዳ የዱባ ሾርባ ቀዳች። «ይሄ እንዴት ወፈረ? ልሂድና ዊልመርን ልጠይቀው» አለችኝ። ዊልመር በመጣ ቁጥር የቅጹ ነገር ይነሳል። የቅጹ ነገር ሲነሳ ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ወረቀቱን ያወጣዋል። ስለዚህ «አሁን ደግሞ በሾርባ አትጨቅጭቂው፤ ዱባ ነው፣ ዱባ ይወፍራል» አልኳት። ሁለት ማንኪያ ወስጄ ስቀምሰው፣ አርባ ዓመት ዱቄት ላይ የኖረ ምላሴ ወዲያው ነገረኝ። ቀና ስል እሷ ሳህኑን ጨርሳለች።

ሁለት ቀን አልተነሳችም። ባርቤዶስን ያየችው በመኝታችን ክብ መስኮት በኩል ነው። «አንተ ሂድ፣ ውረድና እይ እንጂ፤ አንተ ምን አጠፋህ?» አለችኝ። ወረድኩ። ወደብ ላይ ያለ አግዳሚ ላይ ስድስት ሰዓት ተቀምጬ ተመለስኩ። «እንዴት ነው?» ስትለኝ «ያምራል» አልኳት።

አራተኛ፤ ያልተፈቀደው ምግብ። ዊልመር እንዳመማት በሰማ ጊዜ በራችንን አንኳኩቶ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ካሳቫ ከሚባል የሚበላ ሥር የተጋገረ ቂጣ ነበር፤ እናቱ ትሩሂዮ ላይ ጋግራ፣ ለስምንት ወር የባሕር ኑሮው ስንቅ እንዲሆነው ሻንጣው ውስጥ የከተተችለት ደረቅ ቂጣ ነው። «የእናቴ ነው። እኛ ቤት ስንዴ አይገባም፤ አይፍሩ» አላትና ትንሽ ትንሹን እየቆረሰ በሻይ አበላት። ባለቤቴ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ በላች። እንባዋ ወረደ። «ስሟ ማን ነው እናትህ?» አለችው። «ኤውሴቢያ» አላት። «ንገራት በል፤ ካሙይ ውስጥ አንዲት ሴት አተረፍሽ በላት» አለችው።

እኔ አልጋው ጥግ ቆሜ ነበር። ቀናሁ፤ አልዋሽም። አርባ ዓመት ጋግሬ ለሚስቴ አንድ ቀን ያልሰጠኋትን ነገር፣ አንድ የማላውቀው ሰው ከሻንጣው አውጥቶ ሰጣት። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከሥራው በፊትም በኋላም ይዞላት መጣ፤ ሳን ሁዋን ስንደርስ ከቂጣው የተረፈው ጨርቁ ብቻ ነበር። ይህን ነው እናንተ «የመርከቡን የምግብ ደኅንነት መመሪያ በከባድ ሁኔታ መጣስ» ብላችሁ የጻፋችሁት። መመሪያችሁ ሾርባው ውስጥ ስለነበረው ዱቄት የሚለው ነገር ካለ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ቢያስታውሱኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞስ የካሳቫውን ነገር ከማን ሰማችሁ? ኔሬይዳ ከመርከብ ስትወርድ የአስተያየት ወረቀታችሁ ላይ በሙሉ ገጽ አመሰገነችው። ይህ ሰው የእናቱን ቂጣ አካፈለኝ፣ ሸልሙት ብላ ጻፈች። እናንተም ምስጋናዋን አንብባችሁ ማስረጃ አደረጋችሁት። ይህ የብዙ ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ አድናቆቴን ሳልገልጽ ማለፍ አልችልም።

አምስተኛ ቅሬታ ጽፌ ነበር፤ ስለ ጋብቻ በዓላችን ኬክ ነው። ሰርዤዋለሁ።

ይልቅስ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ደብዳቤዎ የደረሰ ቀን ኔሬይዳ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀመጠች። «ሰውየውን ያስባረርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩበት፤ አልበቃ ብሎኝ ደግሞ ጻፍኩ። ምላሴ ይቆረጥ!» ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትለዋለች። ሳህን ስታጥብ ትለዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ትለዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚስቴ የእኔን ጥፋት ተሸክማ ስትዞር አያታለሁ፤ ሸክሙንም ከትከሻዋ ሳላነሳላት «ተዪው፣ ያለፈ ነገር ነው» እላታለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ አሁን መጮኼ ዊልመርን ላያድነው እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም እጮኻለሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። ዊልመር አርዙ ወደ ሹመቱ ይመለስ፤ ውሉም ይታደስለት። ፋይሉ ውስጥ ቅጹን አጠፋ በተባለበት ቦታ ላይ ስሜ ይግባ፤ አጻጻፉ እንዳይሳሳት ከታች በግልጽ አስቀምጬዋለሁ። የእኔ ምልክት ያለበትን የቅጹን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ዶኛ ፕሮቪደንሲያ ናት የሰጠችኝ፤ ለምን እንደፈለግኩት ሳትጠይቅ አላለፈችም፤ ነገርኳት፤ እስከ ቀትር ካሙይ በሙሉ ይሰማል። የነጻውን ጉዞ መልሼላችኋለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ተሳፋሪውን መውቀስ ስለማይቻል አስተናጋጁን መታችሁት፤ እኔ ግን ለመወቀስ ዝግጁ ነኝ፤ በየትኛውም መርከባችሁ እንዳልሳፈር ብታግዱኝ ቅር አልሰኝም። ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ የምሰጠውም ለክፋት አይደለም፤ ስደውል ሰው እስኪያነሳ የምታሰሙኝን ሙዚቃ ሦስት ቀን አድምጬ በቃሌ ስለያዝኩት ብቻ ነው።

የእርስዎን ውድ ጊዜ ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎት፣ ብዕርዎም ሰው ከማውረድ ሰው ወደ ማንሳት እንዲዞር እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና በማይገባኝ ድፍረት እሰናበትዎታለሁ።

ኤላዲዮ ኪኞኔስ
የቀድሞ ዳቦ ጋጋሪ፣ በቅጹ ላይ «የለም» ያለው ተሳፋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ለኔሬይዳ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። ስጨርስ «ሠላሳ ስድስት ዓመት ዳቦህ ሲያመኝ አንተም አላወቅክም፣ እኔም አላወቅኩም። እሱን ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ። ይሄኛውን ግን እያወቅክ ነው ያደረግከው» አለችኝና ተነስታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ክቡርነትዎ፣ ዊልመርን በቀጣችሁት ጊዜ እናንተም አታውቁም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን ታውቃላችሁ።